ባለ ባጃጁ «ማዘር» አለኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እያረጀሁ ነው። ግንባሬ አካባቢ ሽበት ወጥቷል፤ ስቆጥረው ከሃያ በላይ ነው። ጉንጬ ላይ ማድያት አለ። ዓይኔ ሥር ተሸብሽቧል። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ቶሎም ይደክመኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ልጅ «ማዘር፣ ወዴት ነሽ?» አለኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለማድያቱ ጓደኛዬ የሰጠችኝን ክሬም 14 ወር ተቀብቻለሁ። መጀመሪያ ላይ በጣም አጥርቶልኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁት ፊቴ ይቀላል፣ ያቃጥለኛል። ለፀጉሬ የባዮቲን እንክብል እወስዳለሁ። የትኛው ቫይታሚን ይሻለኛል? እናቴ ግፊት ነበረባት። በ44 ዓመቷ በድንገት ወድቃ በሁለተኛው ቀን አረፈች። ያኔ የፀጉሯ ግማሹ ነጭ ነበር። የቀረነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነን። ሰው ሁሉ «ቁርጥ እናትሽን» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ቫይታሚን ነው። እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው ነው። «እኔም እንደ እናቴ በ44 ዓመቴ እሄዳለሁ ወይ?» ማለትሽ ነው። በመስታወት ፊት ቆመሽ ሽበት ስትቆጥሪ የምታስቢው ይህንን ይመስለኛል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ሽበት ዕድሜ አይቆርጥም። በእያንዳንዱ ፀጉር ሥር ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነሱ ሥራ ሲያቆሙ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ሌላ ነገር የለውም። መቼ እንደሚያቆሙ በአብዛኛው የሚወስነው ዘር ነው። እኛ ጋ ከ30 ዓመት በፊት የመጣ ሽበት «ያለ ጊዜው የመጣ» ይባላል። አዎ፣ ያንቺው ቀድሟል። ቀደመ ማለት ግን ታመምሽ ማለት አይደለም። ከእናትሽ ወስደሽው ይሆናል። ሲነቀል ይበዛል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ አንዱን ብትነቅዪ ጎረቤቱ አይሸብትም። ብቻ ደጋግመሽ ስትነቅዪ ሥሩ ይጎዳል፣ ይመግላል። ካስጠላሽ በመቀስ ቁረጪው ወይም ቀለም ተቀቢ።

እናትሽን የወሰዳት ሽበቷ አይደለም። ከጻፍሽው ስነሣ ግፊቷ ነው የሚመስለኝ። መልኳን ወርሰሽ ሽበቷን ወርሰሽ ግፊቷን ላትወርሺ ትችያለሽ። ልትወርሺም ትችያለሽ። ይህ ግን በአምስት ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በ20ዎቹ ሰውነት መለወጥ መጀመሩ እውነት ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ኮላጅን ከ20ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በየዓመቱ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በ27 ዓመትሽ ስትስቂ ዓይንሽ ጥግ ላይ መስመር ቢታይ ጤነኛ ነሽ። «ከ25 በኋላ ሰውነት ምግብ ማቃጠል ይተዋል» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ሰውነት ጉልበት የሚያቃጥልበት ፍጥነት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም አይለወጥም። አጥንትሽማ እስከ 30 ዓመት ገደማ ገና እየጠነከረ ነው። ጉልበትሽ ቢንቋቋ፣ እስካላመመሽ፣ እስካላበጠ፣ አልታጠፍ አልዘረጋ እስካላለ ድረስ ተዪው። በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ አየር ነው የሚጮኸው። የባጃጁ ልጅ ደግሞ ነጠላ የደረበችን ሁሉ «ማዘር» ይላል። በሱ ቃል ዕድሜሽን አትለኪ።

አሁን ወደ ክሬሙ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

አሥራ አራት ወር! ስሙን እንኳ አልጻፍሽልኝም። «ጓደኛዬ የሰጠችኝ» ብቻ ነው ያልሽው። ከጓደኛ ጫማ ይዋሳሉ እንጂ መድኃኒት አይዋሱም። የነገርሽኝ ነገር ሁሉ የስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት ያለበት ክሬም ምልክት ነው። መጀመሪያ ያጠራል። ሰው «ምን ተቀብተሽ ነው?» ብሎ ያደንቃል። ከዚያ ማጥራቱን ያቆማል። ስትተዪው ፊት ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ያሳክካል። መልሰሽ ስትቀቢው ይበርዳል። ስለዚህ ትቀቢያለሽ። ቆዳሽ ክሬሙን ለምዶታል፤ ካጣው ይቆጣል።

ዕቃውን አገላብጠሽ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን እዪ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካገኘሽ እሱ ነው። ምንም ካልተጻፈበት፣ ባለሱቋ ራሷ ደባልቃ በላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ከሆነ፣ እሱ የባሰ ነው። በእንዲህ ያለው ድብልቅ ውስጥ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል፣ ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖን ሊኖር ይችላል፣ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪም ሊኖር ይችላል። ክሎቤታሶል ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ በኃይለኞቹ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። እኛ ለከባድ የቆዳ በሽታ ስናዘው እንኳ እንደ ደንቡ ከ2 ሳምንት በላይ በተከታታይ እንዲቀቡት አንፈቅድም። ፊት ላይ ከናካቴው እንሸሸዋለን። አንቺ ፊትሽን 14 ወር ቀብተሽዋል።

ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ። ኮላጅኑን ይበላል። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ቀጫጭን የደም ሥሮች ጉንጭ ላይ ብቅ ይላሉ። ይሸበሸባል። ብጉር ያወጣል። አገጭ ላይ ፀጉር ያበቅላል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ወደ ውስጥ ይዘልቅና ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ የሚያሳውር በሽታ) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ዓይኔ ሥር ተሸብሽቧል ያልሽኝን አስቢው። እርጅናን እንዲያጠፋልሽ የተቀባሽው ክሬም ነው ዓይንሽ ሥር ያለውን ቆዳ ያስረጀው ብዬ እፈራለሁ።

«ሲያቃጥል ቆሻሻውን እያወጣው ነው» የሚል ወሬ አለ። ይህን ወሬ ስንቴ እንደሰማሁት! ከባንክ ሠራተኛም፣ ከተማሪም፣ ከእናትም ሰምቼዋለሁ። ቆዳ ሥር የሚወጣ ቆሻሻ የለም። የሚያቃጥልሽ ቆዳሽ ስለቆሰለ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሙሽራ መጣችብኝ። ለሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነው የገባችው። ሁለት ዓመት የተቀባችውን በአንድ ቀን ጣለችው፤ ፊቷ አብጦ ቀላ። ደነገጠችና ክሬሙን ወደ ገዛችበት ሱቅ ተመለሰች፤ እዚያም «በቀን ሁለቴ አድርጊው» ተባለች። አደረገችው። ያ ቆዳ ወደ ቦታው እስኪመለስ ስምንት ወር ወስዷል። መመለሱ ግን ተመልሷል። ይህንንም እንድታውቂ እፈልጋለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ፤ የቆዳሽ አብዛኛው ጉዳት ይጠገናል።

ስለዚህ ይህ ሳምንት ሳያልፍ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። ክሬሙን ከነዕቃው ይዘሽ ሂጂ፤ አፍረሽ እንዳትደብቂው። ፊትሽ ላይ ብቻ ከሆነ የምትቀቢው፣ ቀስ በቀስ በሚለዝብ መድኃኒት እየተኩ ያስጥሉሻል። በመሐል መቅላትና ማቃጠል ይኖራል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት። ያኔ ወደ ክሬሙ እንዳትመለሺ። እጅሽን፣ አንገትሽን፣ እግርሽንም ስትቀቢ ከነበረ ደግሞ በራስሽ በአንድ ቀን እንዳታቋርጪው። ብዙ ስቴሮይድ በቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲገባ፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ያቆማል። በድንገት ስታቆሚው ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ካቋረጥሽ በኋላ ብታስመልሺ፣ ሆድሽን ቢቆርጥሽ፣ ስትነሺ ራስሽን ብትስቺ፣ አቅምሽ ሙጥጥ ቢል፣ ይህ ድካም አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱኝ በይ። ስቴሮይድ ስትቀቢ እንደነበርም ንገሪያቸው። ካልነገርሻቸው አያውቁትም። የዓይን ሕመም ወይም ብዥታ ካለም ቀጠሮ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ስቴሮይድ በብዛት ደም ውስጥ ሲገባ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እናቷ በግፊት ያረፈችባት ልጅ በገዛ እጇ ግፊት የሚያወጣ ነገር ትቀባለች ብዬ ሳስብ ዝም ማለት አልችልም።

ማድያቱን ግን አልረሳሁትም። ማድያት የእርጅና ምልክት አይደለም። ከፀሐይ፣ ከሆርሞንና ከዘር ነው የሚመጣው። የወሊድ መከላከያ እንክብል ወይም መርፌ የምትጠቀሚ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ በራስሽ ግን አታቋርጪው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የጣና ነፋስ ያታልላል፤ ስለሚያቀዘቅዝሽ ፀሐዩ ያልያዘሽ ይመስልሻል። ባንክ ውስጥ መስኮት አጠገብ የምትቀመጪ ከሆነም ማድያት የሚያጠቁረው ጨረር በመስታወት ያልፋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ጃንጥላ ያዢ። ብስክሌት የምትነጂ ከሆነ ሰፊ ባርኔጣ አድርጊ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት ከቻልሽ 30 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ግዢ፤ በሁለት ጣትሽ ሙሉ አውጥተሽ ፊትና አንገትሽን ተቀቢ፤ ውጭ ከሆንሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚው። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ካልቻልሽ ጃንጥላው ብዙ ይሠራል። ፀሐይ ካልተከለከለ ምንም ዓይነት ሕክምና ማድያትን አያስለቅቅም።

ድካሙ ይመርመር። በአንቺ ዕድሜ ላሉ ሴቶች መጀመሪያ የማስበው የደም ማነስን ነው። የወር አበባሽ ይበዛል ወይ? ምግብ እንደበላሽ ሻይ ወይም ቡና ትጠጫለሽ ወይ? ቡናው የዘጌም ቢሆን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ፤ ብረቱን ያስቀርብሻል። ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። እሱ ካነሰ ድካምም ያለጊዜው ሽበትም ያመጣል፤ ሲተካ ፀጉሩ አንዳንዴ ይመለሳል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። አትጹሚ አላልኩሽም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያጠራቅም በአንድ ጾም አያልቅም። በፍስኩም ሽሮ ብቻ የምትበዪ ከሆነ ግን ይጎድላል። ጣና አጠገብ ተቀምጠሽ በፍስክ ቀን ዓሣና እንቁላል አትርሺ። ሦስተኛው የእንቅርት ዕጢ ነው። ሦስቱም በአንድ የደም ናሙና ይታያሉ። ባዮቲኑን ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሚ፤ የእንቅርቱን ውጤት ያዛባል። ደግሞም የጎደለው ሳይታወቅ የሚዋጥ ቫይታሚን ገንዘብ መጣል ነው። የትኛው ይሻለኛል ላልሽው መልሴ ይኸው ነው፤ ውጤቱ እስኪመጣ የትኛውም አይሻልሽም።

አሁን ወደ ግፊቱ። ግፊት አይጮህም። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ነው የሚኖርበት። እናትሽም ጤነኛ ነኝ እያለች ይሆናል የኖረችው። መድኃኒት ተሰጥቷት «ተሻለኝ» ብላ ትታም ይሆናል፤ ይህን በየቀኑ አያለሁ። ነገሩን አስቀድመሽ ሳታውቂው በመቅረትሽ ራስሽን አትውቀሺ። ያኔ ልጅ ነበርሽ።

አንቺ ግን አሁን ታውቂያለሽ። ጤና ጣቢያም ቢሆን ይለካል። ከመለካትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጪ። አምስት ደቂቃ ተቀምጠሽ ዕረፊ። ክንድሽ በልብሽ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ እየተለካሽ አታውሪ። ከ120 በ80 በታች ከሆነ መልካም ነው፤ በየዓመቱ ድገሚው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተመልሰሽ ተለኪ። አንድ ጊዜ ከፍ ስላለ በሽተኛ አትባዪም። ደጋግሞ ከፍ ካለ ግን ሕክምና አለው። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ሽማግሌ ሆኖ የልጅ ልጅ ያያል።

ታናሽ ወንድም አለኝ ብለሻል። እሱም የእናትሽ ልጅ ነው። ስትሄጂ እሱንም ይዘሽው ሂጂ፤ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ተለኩ።