ሞገዱን ሳታዩ ሞዴል አታሠልጥኑ

ውድ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ላይ ባዮሜዲካል ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ እየተማራችሁ የአንጎል ሞገድን በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መተንተን ለምትፈልጉ ነው የምጽፈው። ጉጉታችሁ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን ኢኢጂ ከሚባለው የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያ መሣሪያ ጋር ስላሳለፍኩ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፤ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ሞገዱን በዓይናችሁ እዩት።

ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ያሳተመው ግን በ1929 ነው። በመሀሉ የመዘገበው መስመር በእርግጥ ከአንጎል መምጣቱን ደጋግሞ ያጣራ ነበር። ዛሬ 19 ኤሌክትሮድ (ራስ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መቀበያ) ያለው፣ በሰከንድ 256 ጊዜ የሚለካ መሣሪያ በ24 ሰዓት ከ420 ሚሊዮን በላይ ቁጥር ያከማቻል። ይህን ሁሉ ሐኪም ቁጭ ብሎ አንብቦ አይዘልቀውም፤ የነርቭ ስፔሻሊስት እንደ ልብ በማይገኝበት አገራችን የማሽን እገዛ የግድ ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን እወቁ። ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ የመጣች እናት ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ ትመጣለች። ቴክኒሻኗ ጸጉሩን ከፈል ከፈል አድርጋ፣ ቆዳውን ጠርጋ፣ ጄል ቀብታ፣ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም በቆዳውና በኤሌክትሮዱ መሀል ያለው የኤሌክትሪክ እንቅፋት፣ ከ5 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ትታገላለች። ታካሚዋ ዓይኗን ስታርገበግብ በግንባር በኩል ያሉት መስመሮች ጉብ ይላሉ፤ ጥርሷን ስትነክስ መስመሩ ሁሉ ይጠቁራል፤ ከግድግዳው ሶኬት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚወዛወዘው የመብራቱ 50 ኸርዝ ሞገድ ሰርጎ ይገባል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያሳየው ሰው ከሌለ ሞዴሉ፣ ማለትም ከዳታው የሚማረው ፕሮግራም፣ ሁሉም ከአንጎል የመጣ ይመስለዋል። ሕሙማኑ በአንድ ክፍል፣ ጤነኞቹ በሌላ ክፍል ከተመዘገቡማ የሚማረው በሽታውን ሳይሆን ክፍሉን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቴክኒሻኗ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጠይቋት። ከማንኛውም ኮርስ በላይ ታስተምራችኋለች።

ዳታውን ስትከፍሉ በታካሚ ክፈሉ። የአንዱን ሰው ቅጂ ቆራርጣችሁ ከፊሉን ለማሠልጠኛ፣ ከፊሉን ለመፈተኛ ካደረጋችሁት ሞዴሉ ሰውየውን ለምዶት ይጠብቃችኋል። ውጤቱ ያምራል፤ አዲስ ታካሚ ሲመጣ ግን ይወድቃል።

በ«ትክክለኛነት» መቶኛም አትታለሉ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ በቀን ለአንዲት ደቂቃ ብቻ የሚጥለው ሰው አለ እንበል። ቀኑን ሙሉ «ምንም የለም» የሚል ፕሮግራም ከመቶ 99.9 ልክ ይሆናል፤ የምንፈልጋትን ያቺን ደቂቃ ግን አላያትም። በሽታው ከጣለባቸው ጊዜያት ስንቱን ያዘ? በሰዓት ስንት ጊዜ በሐሰት ደወለ? ይህን የማይመልስ ጥናት ስታነቡ አትደነቁ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። የአንጎል ሞገድ ቅጂ የሚቀመጥበት ኢዲኤፍ የሚባለው ፋይል መጀመሪያው ላይ ለታካሚው ማንነት የተመደበ 80 ፊደል የሚይዝ ቦታ አለው፤ የታካሚው ስም እዚያ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የሚጥል በሽታ እንዳለባት የታወቀች ልጅ ትዳሯ ሊሰናከል፣ ከትምህርቷ ልትቀር ትችላለች፤ ከተማችን ደግሞ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ናት። ፋይሉን በፍላሽ ከመገልበጣችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ የምትጽፉት የመጀመሪያ ኮድም ያንን ስም የሚያጠፋው ይሁን።