ሰው ጠርተን ሰው ቀረብን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መስከረም ላይ የመጽሐፍ ውይይት ጀምረን ነበር። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ሞላ፣ ዳቦውም ቆሎውም አልበቃ አለ። በሁለተኛው 20 ሰው መጣ። በሦስተኛው 6 ሰው፣ ከ6ቱም ሦስቱ እኛው ሠራተኞቹ ነን። አለቃዬ «ሕዝቡ ማንበብ አይወድም፣ የሚወደውም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሄዳል» ብለው ሊተዉት ነው። ተማሪዎቹ ደግሞ ለዝግጅቱ ስንል ከቦታቸው ስላስነሣናቸው ተቀይመውናል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕዝቡ ማንበብ አይወድም የሚለውን እኔ አልቀበልም። ያስነሣችኋቸው ተማሪዎች እኮ ሕዝብ ናቸው። ደብተራቸውንና የማትሪክ ጥያቄያቸውን ይዘው በየቀኑ ይመጣሉ። ላልመጣ ሰው ብላችሁ የመጣውን አስነሣችሁ። ዝግጅቱ የታሰበው ቢሮ ውስጥ ይመስለኛል፤ ምን ቢዘጋጅ ያምራል ተብሎ እንጂ ማን ይመጣል ተብሎ አልተጠየቀም።

ስለዚህ ለአሁኑ ምንም አታዘጋጂ። አንድ ደብተር ያዢና አንድ ሳምንት በሩ አጠገብ ተቀመጪ። ማን ገባ፣ በስንት ሰዓት ገባ፣ ምን ጠየቀ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምን ፈልጎ ሳያገኝ ተመለሰ፣ እሱን ጻፊ። አራት ኪሎ የማያልፍበት ሰው የለም። ጋዜጣ ፍለጋ የሚመጡ ጡረተኛ አባቶች አሉ። ስድስት ተኩል ላይ ለምሳ የሚወጣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፤ እሱ ያለችው አንድ ሰዓት ናት፣ ዓርብ ግን እረፍቱ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ስለሆነ ሰፋ ይልለታል። እናቱ ሱቅ ስትውል አብሯት የሚውል ሕፃንም አለ። ለእነዚህ ሁሉ የሚሆን አንድ ዝግጅት የለም፣ አንዱን ምረጪ።

ስትጠይቂያቸውም «ምን ዓይነት ፕሮግራም ትፈልጋላችሁ?» አትበይ። ይሉኝታ አለብን፣ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብለን ነው የምንሄደው። «ባለፈው ሳምንት ምን ፈልገህ አጣህ?» በይው። አንዱ የሥራ ማመልከቻ የሚያስተካክልለት ሰው ይልሻል፣ ሌላው ሒሳብ የሚያስረዳው። ከዚያ ነው የሚጀመረው።

አብርሆት በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ትልቅ ቤት ነው፣ ስላለን ደስ ይለኛል፣ ግን ፉክክር ውስጥ አትግቢ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የከፈቱ ሰው ናቸው። በኋላም ሐዋሳ ላይ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ አስጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ላኩት። ትልቅ አዳራሽ እስኪሠራ አልጠበቁም።

እኔ ብሆን በሕፃናቱ እጀምር ነበር። ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ 40 ደቂቃ፣ ተረት። ከጡረተኞቹ አንዱን ለምኚ፣ ተረት የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ደግሞም የሚሰማቸው ቢያገኙ ደስታቸው ነው። ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፉ፣ የንባብ ክፍሉን ለተማሪዎቹ ተዉላቸው። የክብር እንግዳ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ምናምን አያስፈልግም። ልጅ አስቀምጦ ንግግር ማሰማት ግፍ ነው። ሰዓቱን ብቻ አታዛቡ፣ አንድ ቅዳሜ ልጇን ይዛ መጥታ በር ተዘግቶ ያገኘች እናት ዳግመኛ አትመጣም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ፈተና ስለሚደርስ ድምፅ ያለው ነገር ሁሉ ይቁም።

ሪፖርት ስትጽፊ ተመልሶ የመጣውን ለብቻው ቁጠሪ። 12 ልጅ መጥቶ ዘጠኙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከተመለሰ፣ ለእኔ ከመስከረሙ ሙሉ አዳራሽ ይበልጣል። ካልተመለሱም ቶሎ አትዝጊው። ሰዓቱን ወይም ተረት ነጋሪውን ቀይሪና እዪ። ሁለቱን በአንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አታውቂም።

አለቃሽ ጋ ደብተሩን ይዘሽ ግቢ። ከዚያ በፊት ግን የመስከረሞቹን እንግዶች ስልክ መዝግባችሁ ከሆነ አምስቱን ምረጪና ደውይላቸው። ምናልባት ሰዓቱ ከታክሲ ሰልፍ ጋር ተጋጭቶባቸው ይሆናል። እስካሁን ለምን ቀራችሁ ብሎ የጠየቃቸው የለም።