ደንገጎን የማትችል ሰው ኦርላንዶ ላይ የቱን ትሳፈር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ ክረምት ላይ አሜሪካ ሊወስዳችሁ ነው፣ ከዚያም ኦርላንዶ። አንቺን ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ ያለው ጠመዝማዛ አቀበት፣ ደንገጎ ላይ ሁሌ ያስመልስሻል። የ6 ዓመቱ ልጅሽ ደግሞ ዥዋዥዌ ከፍ ሲል ያለቅሳል። «ወንበሩ የሚነቃነቅ፣ ፊት ለፊት ፊልም የሚያሳዩበት ሲሙሌተር የሚሉት አለ፤ ከነሱ ቀለል የሚለው የቱ ነው?» ነው ያልሽው። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ምንም አይልሽም፣ ግቢ» ብለዋል። አቦ እንደሱ አይባልም! እንዲህ የሚሉት እኮ ምንም የማይላቸው ሰዎች ናቸው።

የድሬ ልጅ ነኝና «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል። ከዚህ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ለእኔ ሁለት ፌስታል ነው። አንዱ ደንገጎን ስንወጣ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ። የሚያውቁኝ ሾፌሮች ጋቢናውን ይለቁልኛል። እንዲህ ሆኜ ነው ከሁለት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ጋ ሄጄ፣ ከእናታችን፣ ከእህቴና ከእህቴ ሁለት ልጆች ጋር ኦርላንዶ አራት ቀን የቆየሁት።

መጀመሪያ አንቺንና ልጅሽን ለያይቼ ልያችሁ። አንቺን ያጥወለውልሻል፣ እሱ ይፈራል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልጁ የሚፈራው ከፍታውን፣ ጨለማውን፣ ድምፁን፣ ድንገት የሚመጣውን ነገር ነው። ያንቺ ሆድ ግን ከፍታ አያውቅም። አንድ ክንድ ከመሬት ሳትነሺ ሊያስመልስሽ ይችላል። እናቴ ፈሪ ናት፣ ሆዷ ግን ብረት ነው። እኔ አልፈራም፣ ሆዴ ግን ከንቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ይህን ሳንለይ «ይሄ ቀላል ነው» የተባለውን አብረን ገባን። ስሙን አልጠራም። መነጽር አስለብሰው፣ ትልቅ ስክሪን ፊት አስቀምጠው ያንገላቱሻል። እናቴ ስትስቅ ወጣች። እኔ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንድ ሰዓት ሙሉ አልተነሳሁም። ማስመለስ የሚከላከለውን ኪኒን የዋጥኩትም ከዚያ በኋላ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ለምን እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። ጆሯችን ውስጥ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀስና ለአንጎል ይናገራል። ደንገጎ ላይ ኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ስልክሽን ስታዪ፣ ጆሮሽ «እየተጠማዘዝን ነው» ይላል፣ ዓይንሽ «ኧረ ቁጭ ብለናል» ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ሆድ ይከፍላል። ጋቢና የሚሻለን መንገዱን ስለምናይ ነው። ሾፌሩን የማያስመልሰውም ኩርባው ሳይመጣ ስለሚያውቀው ነው።

ሲሙሌተር ላይ ጠቡ ይገለበጣል። ዓይንሽ ሰማይ ላይ እየበረርሽ ነው ይላል፣ ጆሮሽ ግን የሚሰማው ወንበር ሲነቃነቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንገጎ ላይ የሚያድነን ዘዴ እዚያ ይገድለናል። መኪና ውስጥ ራቅ አድርገሽ ማየት ነው መድኃኒቱ። ሲሙሌተር ውስጥ ራቅ ብሎ የሚታየው ራሱ ውሸቱ ነው። ሲጀምርሽ ዓይንሽን ከስክሪኑ ንቀይ። የወንበርሽን እጀታ፣ የጎረቤትሽን ጫማ እዪ። ካልሆነም ዓይንሽን ጨፍኚ። እኔ የአንድ ብራዚላዊ ስኒከር ላይ አፍጥጬ አንድ ሙሉ ጉዞ ጨርሻለሁ። ሰውየው ምን እንዳሰበ እንጃ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ለእናንተ የመጀመሪያው «ሶሪን» የሚባለው ነው፣ ከዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች አንዱ በሆነው ኤፕኮት ውስጥ ያለው። ኤፕኮት ላይ ከ2005 ጀምሮ ይሠራል (ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው)። አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ ቀበቶ ታስሪያለሽ፣ ወንበሩ እግርሽ እንደተንጠለጠለ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ያነሳሻል። ፊት ለፊትሽ እንደ ጉልላት የጎበጠ ግዙፍ ስክሪን አለ። ወንበሩ ዘንበል ቀና ይላል እንጂ አይንጥም፣ አይወረውርም። ነፋስ ይመጣል። ሽታም ይለቃሉ። እኛ ስንገባ ፊልሙ የዓለም ዙሪያ ጉዞ ነበር፤ ይቀያይሩታልና አንቺ ሌላ ሊገጥምሽ ይችላል። ኪሊማንጃሮ ሥር ዝሆኖቹ ሲያልፉ የሣር ሽታ መጣ። እናቴ እስከዚያ ድረስ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ነበር። ሣሩ ሲሸታት ግን አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ዝናብ የመታው ሣር ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጨፈነችም። ሲያበቃ እንደገና እንግባ ያለችው እሷ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሺ። ወንበሮቹ ሦስት ረድፍ ናቸው፣ ሲነሱ አንዱ ከአንዱ በላይ ይሰቀላል። የመጀመሪያው ረድፍ ከሁሉም በላይ፣ 12 ሜትር ገደማ ይወጣል። ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ይቀራል። ለልጅሽ «ሦስተኛ ረድፍ ስጡን» በይ፣ በር ላይ ያሉት ሠራተኞች ይሰማሉ። ከላይሽ የሰው እግር ተንጠልጥሎ ታያለሽ፣ ሌላ ጉዳት የለውም። ላንቺ ደግሞ መካከለኛውን ክፍል ጠይቂ። ዳር ከተቀመጥሽ ስክሪኑ ስለጎበጠ ምስሉ ይንጋደዳል። እኔ ዳር ደርሶኝ የፓሪሱ የኤፍል ማማ እንደ ሙዝ ጎብጦ ነው ያየሁት። ለእንደኛ ዓይነት ሆድ የተንጋደደ ነገር ጥሩ አይደለም። ለመግባት 102 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይጠይቃሉ።

ከዚያው ሕንፃ ሳትወጪ በጀልባ የሚዞሩበት «ሊቪንግ ዊዝ ዘ ላንድ» የሚባል አለ። ሲሙሌተር አይደለም፣ ግን ልዝለለው አልቻልኩም። ጀልባው ቀስ እያለ በግሪንሃውስ መሃል ያልፋል። ቲማቲሙን እንደ ወይን ተክል ከላይ ሰቅለው ነው የሚያሳድጉት። እናቴ ከሁሉም የወደደችው እሱን ነው። ያ ሁሉ ብር ወጥቶ እርሻ ጎብኝተን መጣን እያለ ወንድሜ እስከ ዛሬ ይስቃል። ሆድሽን ማረጋጋት ስትፈልጊ እዚያ ግቢ።

ኤፕኮት ውስጥ ራሱ «ሚሽን ስፔስ» የሚባል የሮኬት ጉዞ አለ። እሱ ላይ ተጠንቀቂ፣ ሁለት ዓይነት ነው። ብርቱካናማው በእውነት ይሽከረከራል። ክፍሉን ክንድ ላይ አስሮ ያዞርና ሰውነትሽ እስከ 2.5 እጥፍ እንዲከብድሽ ያደርጋል። በ2003 ሲከፈት እሱ ብቻ ነበር፤ ሕዝቡን ሲያናውጠው ጊዜ በ2006 የማይሽከረከር አረንጓዴ ጨመሩ። ውስጡ የማስመለሻ ከረጢት አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ልንገርሽ። አረንጓዴውን እኔ ችዬዋለሁ። ግን ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሩ ይዘጋል፣ ፊትሽ ድረስ ይጠጋሻል። መታፈን የማትወጂ ከሆነ እሱንም ተይው። ምናልባት ብርቱካናማው ውስጥ ብትገኚ እዚያ ዓይን አይጨፈንም፣ አንገትም አይዞርም። ጭንቅላትሽን ወንበሩ ላይ አስደግፈሽ ፊት ለፊት ብቻ ነው ማየት።

«ስታር ቱርስ» የሚሉት የድሮ ዓይነት ነው። ካሊፎርኒያ ላይ በ1987 የተከፈተ፣ ኦርላንዶም አለ። አርባ ሰው የሚይዝ ክፍል ከሥሩ ባሉ እግሮች ይነቃነቃል። አዲስ አበባ የአየር መንገዳችን አብራሪዎች ከሚለማመዱበት ሲሙሌተር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አብራሪው ግን እንዳይወድቅ ነው የሚለማመደው፣ እነዚህ ሆን ብለው ነው የሚጥሉሽ። እኔ ፊት ወንበር ጠይቄ ተቀመጥኩ፣ ግማሹን አየሁ፣ ግማሹን ጨፈንኩ፣ በሰላም ወጣሁ። ባዶ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ አሮጌ አውቶቡስ ነው። ይነጥሻል እንጂ አያዞርሽም።

«ስመግለርስ ረን» ላይ፣ የጠፈር መርከብ ራሳችሁ የምትነዱበት ነው፣ ነገሩ ይለያል። ስድስት ሰው ትገባላችሁ፣ ሁለቱ አብራሪ ናቸው። ግራ ያለው ወደ ግራና ቀኝ፣ ቀኝ ያለው ወደ ላይና ታች ይነዳል። ክፍሉ የሚነቃነቀው እነሱ በነዱት ልክ ነው። የእህቴ የ9 ዓመት ልጅ ያዘውና መጋላ ውስጥ ሰው እንደሚያሳድድ ባጃጅ አደረገው። ያልገጨነው ነገር የለም። በሚቀጥለው ቀን እኔ አብራሪ ሆንኩ፣ እህቴን አጠገቤ አደረግኩ፣ ቀስ አልን። ምንም አልሆንኩም! ያው የደንገጎው ሾፌር ነገር ነው። ስለዚህ እዚያ ከገባሽ መሪውን አትስጪ።

ዩኒቨርሳል የሚባለው ሌላው መዝናኛ ፓርክ ከሄዳችሁ አብዛኛው በስክሪን ነው፣ ላንቺ ከዲዝኒው ይከብዳል። የጠንቋዩ ልጅ የሃሪ ፖተር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን፣ ወንበሩን ሮቦት ክንድ ይዞ የሚያገለባብጠውን፣ በበሩም አትለፊ። «ሚኒየን ሜይሄም» ላይ ግን የማይንቀሳቀስ ወንበር አለ። ሌላው ሰው ሲነቃነቅ አንቺ ከፊት በኩል ቁጭ ብለሽ ፊልሙን ታያለሽ። ጠይቂ እንጂ ራሳቸው ላይነግሩሽ ይችላሉ። ዲዝኒ ውስጥ ደግሞ «ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ» የሚባለውን ሁሉም ያወድሱልሻል። እንደ ሞተር ሳይክል ትቀመጪበታለሽ፣ ከጀርባሽ ይይዝሻል፣ መነጽር አለው፣ ወደ ገደል ይወረወራል። ውብ ነው ይላሉ፤ እኔ አልገባሁም። ሰልፉ ውስጥ ቦርሳ ይዤ ቆሜያለሁ።

አሁን ልጅሽ። ለፈሪ ልጅ መድኃኒቱ ማወቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተቀረጸ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ አላቸው። ድሬ ሳለሽ አብራችሁ እዩ። «እዚህ ጋ ጨለማ ይሆናል፣ እዚህ ጋ ይጮኻል» እያልሽ። የእህቴ ትንሿ ልጅ ሶሪንን በስልክ ስድስት ጊዜ አይታ ነው የገባችው፣ ውስጥ ስትደርስ አስተርጓሚያችን ሆነች። ላንቺ ግን ቪዲዮው አይጠቅምም። ስልክ ላይ ደህና ሆንኩ ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ትንሽ ስክሪን ዓይንን እንደ ትልቁ አያታልልም። ሌላው፣ ቁመቱ አለፈ ማለት አንጀቱ አለፈ ማለት አይደለም። የሚሽን ስፔስ አረንጓዴው 102፣ ብርቱካናማው 112 ሴንቲ ሜትር ነው የሚለው። ይህ ቀበቶው እንዲይዘው ነው እንጂ ስለ ፍርሃቱ የተለካ አይደለም።

እያለቀሰ አታስገቢው። በሩ ድረስ ሄዳችሁ «አልፈልግም» ካለ ለሠራተኛው ንገሪ፣ መውጫ አለ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ወንድምሽ መግባት ከፈለገ ደግሞ ተራ በተራ የሚሉት አሠራር አላቸው። አንዱ ልጁን ይዞ ይቆያል፣ ሌላው ሲወጣ ያ የቆየው ሁለተኛ ሳይሰለፍ ይገባል። በር ላይ እንደደረሳችሁ ጠይቁ።

ስለ ኪኒን፦ ድራማሚን የሚሉት እዚያ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ከመግባትሽ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው የሚዋጠው፣ እንደኔ ከወጣሽ በኋላ አይደለም። እንቅልፍ ያመጣል። ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ካለብሽ፣ ሌላ መድኃኒትም ከወሰድሽ ፋርማሲስቱን አማክሪ። ለልጁ ያለ ሐኪም አትስጪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ልብ፣ አንገት ወይም ወገብ ካመመሽ በር ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ እንደ ጌጥ አትለፊው። ጠዋት ሆድሽን ባዶ አታድርጊው፣ ግን እንደ ድሬ ቁርስ ፈጢራ በማር ጠግበሽ አትሂጂ። ደረቅ ዳቦ ይበቃል። ዝንጅብል ከረሜላ እዚያ ታገኛለሽ። ሎሚ ከዚህ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ትኩስ ፍራፍሬ ጉምሩክ ላይ ካላሳወቅሽ ያስቀጣል፣ ብታሳውቂም ይወስዱብሻል።

በቀን ከአንድ ሲሙሌተር በላይ አትግቢ። ሁለተኛው የሚያገኝሽ የመጀመሪያው ሳይለቅሽ ነው። ሶሪንን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አድርጊው፣ ሰልፉም ይቀላል።

የልጅሽን ቁመት ለክተሽ ጻፊልኝ፣ የቀረውን ቀን በቀን እነግርሻለሁ።