ልጆቻችሁን ባሕሩ ፊት አቁሟቸው

ሆላንድ ከገባሁ 25 ዓመት ሆነኝ። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ስለ ወረቀት ነው የሚጠይቀኝ። እሱን ቶሎ ልገላገለው።

1. ወረቀት። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት አይደር። በቃ።

2. ሙዚየም። «የፈረንጅ ነገር ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በነጻ ያስገባል። የሠዓሊዎቹን የቪለም ፋን ደ ፌልደን የመርከብ ሥዕሎች አሳዩአቸው። አባትየውም ልጁም አንድ ስም ነው ያላቸው። አባትየው የባሕር ጦርነት መሃል በትንሽ ጀልባ እየገባ ይነድፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1674 የእንግሊዙ ንጉሥ ለሁለቱም በዓመት መቶ መቶ ፓውንድ ቆረጠላቸው፤ አባት ሊነድፍ፣ ልጅ የአባቱን ንድፍ በቀለም ሊሠራ። እኛ ለልጆቻችን ምን አቀበልን? ወደዚያው ልመጣ ነው።

3. ዴን ሃግ ያላችሁ ደግሞ ፓኖራማ መስዳኽ የሚባለው ሙዚየም አጠገባችሁ ነው። በጨለማ መተላለፊያ ገብታችሁ ጠመዝማዛ ደረጃ ትወጣላችሁ። ከዚያ ድንገት የዓሣ አጥማጆቹ መንደር የድሮዋ ስኼፈኒንገን ባሕር ዳርቻ ላይ ናችሁ። ሥዕሉ ዙሪያችሁን ይከባችኋል፤ ቁመቱ 14 ሜትር፣ ዙሪያው 120 ሜትር ገደማ። ሠዓሊው መስዳኽ እ.ኤ.አ. በ1881 ከሚስቱና ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር የሠራው ነው። ከሰገነቱ ሥር እውነተኛ አሸዋ ተደፍቷል፤ አሸዋው የት አልቆ ሥዕሉ የት እንደሚጀምር ዓይን ይምታታበታል። ብርሃኑ የሚገባው ከላይ ነው። ውጭ ደመና ሲያልፍ የተሣለው ባሕርም ይጠቁራል።

ልጄን ስወስዳት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሸዋ ላይ የወጡትን ጀልባዎች አይታ «አባዬ፣ ለምን ውሃ ውስጥ አይደሉም?» አለችኝ። በአማርኛ! መልሱ ቀላል ነበር። ስኼፈኒንገን እስከ 1904 እ.ኤ.አ. ወደብ አልነበራትም፤ ሆዱ ጠፍጣፋ ጀልባ እየሠሩ አሸዋ ላይ ያወጡት ነበር። እኔ ደግሞ የጣና ልጅ ነኝ። ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳ ዳር ወጥቶ ሲደርቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ይህን መንገር ምን ይከብዳል? ስልኬን እየነካካሁ «እኔ ምን አውቄ፣ ነይ እንሂድ» አልኳት።

ዛሬ 24 ዓመቷ ነው። አያቷ ስትደውል «ደህና ነኝ» ትልና ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች።

እኛ ቤት አማርኛ «ብዪ፣ ተኚ፣ ጫማሽን አውልቂ» ሆኖ ቀረ። ትእዛዝ ብቻ የሚሰማበትን ቋንቋ የትኛው ልጅ ይወዳል? ከዚያ በኋላ የፊደል አስተማሪ ፍለጋ እንራወጣለን። ምን ሊያወራበት? እባካችሁ እዚያ ሰገነት ላይ አቁሟቸውና ጠይቋቸው። ሸራው የቱ ነው? ምሰሶውስ? ይህ ሁሉ ሰው የት ሊሄድ ነው? ቃሉ ከጠፋባችሁ እዚያው ቆማችሁ ለእናታችሁ ደውሉ።

ባለፈው ወር ልጄን መልሼ ወሰድኳት። የታንኳውን ነገር ነገርኳት፣ በደች። «ታንኳ» የምትለዋን ብቻ ሁለት ጊዜ ደገመቻት።

4. ስለ ግብር ልጽፍ ነበር። አሁን አላሰኘኝም።