ሚላን በአንድ ቀን

«ሚላን አንድ ቀን ብቻ አድራለሁ፤ ምን ልይ?» ላሉት እህታችን፦ ከሁሉ አስቀድመው «የመጨረሻው እራት»ን ለማየት ትኬት ይያዙ። ዳ ቪንቺ በአንድ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሳለውን ይህን ሥዕል ጥቂት ጥቂት ሰው እያስገቡ ለ15 ደቂቃ ብቻ ስለሚያሳዩ፣ ቀድሞ ያልያዘ አብዛኛውን ጊዜ በር ላይ ይቀራል።

ከዚያ ወደ ዱዎሞ። በ1386 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ይህ ካቴድራል ውበቱ ጣሪያው ላይ ነው፤ በእብነ በረድ ሾጣጣዎቹ መካከል ሲራመዱ ከታች የማይታዩ የቅዱሳን ሐውልቶች ፊት ለፊት ይገጥሙዎታል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

አጠገቡ ያለው ጋለሪያ የተባለው የገበያ አዳራሽ በመስታወት ጣሪያው ያምራል፤ የሱቆቹ ዕቃ ግን ከዋጋው የተነሳ ለዓይን ብቻ ነው! ወለሉ ላይ ያለው የበሬ ሞዛይክ፣ ሰው ለዕድል ተረከዙን እየተከለ ስለሚሽከረከርበት ተቦርብሯል። እንጀራ ካማረዎት ፖርታ ቬኔዚያ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።