መልስ፦ ለሌሊት የተራራ ብስክሌት አንድ መብራት ይበቃል?

ወንድሜ፣ መሪው ላይ የታሰረ ባለ 1000 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) መብራት ብቻውን ጫካ ውስጥ ቁልቁለት ለመውረድ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሃል። ለሰፊ ጥርጊያ መንገድ ይበቃል፤ ለጠባብና ጠመዝማዛው ግን አይሆንም። የመሪው መብራት የሚያበራው መሪው ወደዞረበት ነው፤ ኩርባ ላይ ዓይንህ ቀድሞ ሲታጠፍ ብርሃኑ ገና ዛፉ ላይ ነው። ስለዚህ ጨረሩ ጠበብ ያለ፣ ከ600 እስከ 800 ሉመን የሚሰጥ ሁለተኛ መብራት ሄልሜትህ ላይ ጨምር።

የሄልሜቱ ብቻም አያዋጣም። ብርሃኑ ከዓይንህ አጠገብ ስለሚነሳ የድንጋዩና የዛፍ ሥሩ ጥላ ከኋላቸው ይደበቃል፣ ጉድጓዱም ሜዳ ይመስልሃል። ጥላውን የሚያወጣልህ ዝቅ ብሎ የታሰረው ነው። ሜዳ ላይ ቆመህ የመሪውን 8 ሜትር አካባቢ፣ የሄልሜቱን ደግሞ 15 ሜትር ገደማ ፊት ለፊት እንዲያርፍ አስተካክል።

ባትሪ ላይ አትታለል። እነዚህ መብራቶች ውስጥ የሚገባው 18650 የሚባለው የሚሞላ ክብ የሊቲየም ባትሪ፣ ጥሩው አንዱ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ይይዛል፤ 9900 የሚል ጽሑፍ ካየህ አትግዛው። የሁለት እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ድምር 25 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ 10 ዋት የሚበላ መብራት ከሁለት ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ በብርድ ደግሞ ይቀንሳል። ዳገት ላይ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው፦ ባትሪ ትቆጥባለህ፣ ነፋስ የማያገኘው መብራትም ግሎ ራሱን ከማደብዘዝ ይድናል።

ጉም ወይም አቧራ ከገጠመህ የሄልሜቱን አጥፋ፤ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ዓይንህ ላይ ይመለሳል። ሰው ከፊትህ ሲመጣም እንዲሁ።