ለካልኩሌተር መተግበሪያ 7፣ 8፣ 9 ከላይ ወይስ ከታች?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ፒያሳ ሲሆን የሶፍትዌር ትምህርቴን በማጠናቀቅ ላይ እገኛለሁ። የመርካቶ ሱቆችን በማሰብ አራቱን መደበኛ ስሌቶችና ፐርሰንትን ብቻ የሚሠራ የሞባይል ካልኩሌተር እያዘጋጀሁ ነው። ቁጥሮቹን እንደ ስልክ መደወያ ከ1 ጀምሬ ልደርድር ወይስ እንደ ጠረጴዛ ካልኩሌተር ከ7? የግእዝ ቁጥሮችንስ ላካትት? የፐርሰንት ቁልፉስ በትክክል ምን መሥራት አለበት?
አንባቢ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ አጭር መልስ አለው፤ 7፣ 8፣ 9 ከላይ ይሁኑ። በስልክ ላይ 1፣ 2፣ 3 ከላይ የተቀመጡት በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ሥር የነበረው የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ አደራደሮችን በሰዎች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1960 ውጤቱን ካሳተሙ በኋላ ሲሆን፣ የሒሳብ ማሽኖች ግን ከዚያ በፊት 7ን ከላይ ማድረግ ለምደው ነበር። ሁለቱ ልማዶች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ኖረዋል። ቀኑን ሙሉ ካልኩሌተር ሲነካ የሚውል ነጋዴ ጣቱ ቁልፉን ሳያይ ስለሚያገኘው፣ አደራደሩን መቀየር ያለ ምክንያት ማስቸገር ነው።

ከቁልፎቹ ይልቅ ብዙ ሐሳብ የሚጠይቀው ማሳያው ነው። በመርካቶ ሻጩ ዋጋውን ካሰላ በኋላ ካልኩሌተሩን አዙሮ ለገዢው ያሳያል፤ ስለዚህ ማሳያዎ በአንድ ጊዜ ሁለት አንባቢዎች አሉት፣ አንደኛው ደግሞ ከባንኮኒው ማዶ የቆመ ነው። ውጤቱ በትልልቅ አኃዝ ይጻፍ፣ ሺዎቹ በኮማ ይለዩ፣ ቁጥሩ ሲረዝም ፊደሉ ይነስ እንጂ ጫፉ አይቆረጥ። ደብዛዛ ግራጫ ጽሑፍ በነጭ መደብ ላይ በፎቶ ያማረ ቢመስልም በፀሐይ ብርሃን አይነበብም፤ ለመደበኛ ጽሑፍ በዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የተቀመጠውን በጽሑፉና በመደቡ መካከል ያለ 4.5 ለ1 የብርሃን ልዩነት (ኮንትራስት) ቢያንስ ይጠብቁ።

ከውጤቱ በላይ ደግሞ የገባው ስሌት በሙሉ በአነስተኛ ፊደል ይታይ፣ የእኩል ይሆናል ምልክት ከተነካ በኋላም አይጥፋ። ይህን ሲያደርጉ አንድ ውሳኔ አብሮ ይመጣል። 250 + 3 × 120 ብሎ ያስገባ ሰው በተራ የጠረጴዛ ካልኩሌተር 30,360 ያገኛል፤ ማሽኑ መጀመሪያ ደምሮ ቀጥሎ ያባዛልና። በትምህርት ቤት በተማርነው ቅደም ተከተል ግን መልሱ 610 ነው። ሙሉው መስመር ዐይኑ ፊት ያለ ሰው የሚጠብቀው ሁለተኛውን ስለሆነ እኔ 610ን እመርጣለሁ፤ የለመደው ነጋዴ እንዳይደናገርም ጊዜያዊው ውጤት ቁጥሩ በገባ ቁጥር ከሥር እየተለወጠ ይታየው።

የፐርሰንት ቁልፍ ከሁሉም አሳሳች ነው። 1,000 + 15% ሲገባ ብዙዎቹ የስልክ ካልኩሌተሮች 1,150 ይሰጣሉ፤ አንዳንድ የጠረጴዛ ካልኩሌተሮች ግን 15 በመቶውን ከመሸጫ ዋጋው ላይ የሚታሰብ ትርፍ አድርገው ስለሚወስዱት 1,176.47 ያወጣሉ። እርስዎ የመጀመሪያውን ይከተሉ፣ የተጨመረው 150 መሆኑንም በላይኛው መስመር ያሳዩ። ወጥመዱ ያለው በተቃራኒው ስሌት ላይ ነው፦ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ከቫት በፊት ስንት እንደነበር ለማወቅ 1,150 − 15% ያለ ሰው 977.50 ያገኛል፤ ትክክለኛው ግን ለ1.15 ተካፍሎ የሚገኘው 1,000 ነው። የተጠቃሚው አስተሳሰብ ስሕተት የሚመስል አይደለም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ ይልቅ «ቫት ጨምር» እና «ቫት አውጣ» የሚሉ ሁለት ቁልፎችን ቢያክሉ ይሻላል። መጠኑ በቅንብር የሚለወጥ ይሁን፤ ለቫት ያልተመዘገበ ነጋዴም ሁለቱን ቁልፎች መደበቅ ይቻለው።

በአንድሮይድ መመሪያ መሠረት የአንድ ቁልፍ ስፋትና ቁመት ከ48 ዲፒ፣ በአፕል መመሪያ ደግሞ ከ44 ፖይንት (ሁለቱም በስክሪን ላይ መጠን የሚለካባቸው አሃዶች ናቸው) ማነስ የለበትም። አራት ዓምድ ያለው ሰሌዳ በማንኛውም ስልክ ላይ ከዚህ በላይ ቦታ ስለሚያገኝ ችግሩ መጠን ሳይሆን ጉርብትና ነው። ሁሉንም የሚያጠፋውን ቁልፍ ከእኩል ይሆናል አጠገብ አያስቀምጡት፤ አንድ አኃዝ ብቻ የሚሰርዘውን ደግሞ በአውራ ጣት በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ያድርጉት። ቁልፉ ሲነካ የሚታየው እንቅስቃሴም ቀጣዩን ንክኪ አያዘግይ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የአይፎን ስርዓተ ክወና፣ አይኦኤስ 11 ላይ 1 + 2 + 3 በፍጥነት ሲነካ 24 ይወጣ የነበረው የቁልፉ እንቅስቃሴ ሳያልቅ የተነካው ሁለተኛው የመደመር ምልክት ስላልተመዘገበ ነው፤ 1 + 23 ሆኖ ተሰላ ማለት ነው።

የግእዝ ቁጥሮችን በተመለከተ፣ ሥርዓቱ ዜሮ የለውም፣ አኃዙም በቦታው ዋጋ አይለዋወጥም፤ ለ10 ፲፣ ለ100 ፻ የሚሉ የራሳቸው ምልክቶች አሉ። ስለዚህ በአሥር ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሊሠራ አይችልም። አማርኛ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ ለምሳሌ «በዜሮ ማካፈል አይቻልም» የሚለው መልእክት ከደረቅ የስሕተት ምልክት እጅግ ይሻላል።

በመጨረሻም፣ የገጽታ ጉዳይ ባይመስልም፣ ስሌቱን በተራ ተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር (ፍሎቲንግ ፖይንት፣ ብዙ አስርዮሾችን በግምት ብቻ የሚይዝ የቁጥር ዓይነት) አይሥሩት፤ 0.1 + 0.2 ተደምሮ 0.30000000000000004 በማሳያው ላይ ከወጣ ሳንቲም የሚቆጥር ነጋዴ መተግበሪያውን ዳግም አይከፍተውም። አስርዮሽን ሳያዛባ የሚይዘውን የዴሲማል ቁጥር ዓይነት ይጠቀሙ። ሲጨርሱም አስተያየት ከመጠየቅ ይልቅ አንድ ባለ ሱቅ የዕለቱን ደረሰኞች በእርስዎ መተግበሪያ ሲደምር ከጎኑ ሆነው ይመልከቱ፤ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ከጀመረ የስረዛ ቁልፍዎ ቦታው ልክ አይደለም።